አዲሱ ኤአይ ለሌላው ሰው ሲሰራ ለኔ ለምን እምቢ አለ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን መከታተል ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ግን ሰው የትዳሩንና የልጁን ጭንቀት በሚጽፍበት ቦታ እኔ ስለ ኮምፒውተር ላውራ እንዴ እያልኩ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አሁን ግን እንቅልፍ እስከማጣት ስለደረስኩ ይኸው ጻፍኩ።

ስራዬ ሪፖርት መጻፍ ነው። ባልደረቦቼ ከመስክ ማስታወሻቸውን ይልኩልኛል፣ እኔ አቀናብሬ ለአለቆችና ገንዘብ ለሚሰጡን ሰዎች እንዲቀርብ አደርጋለሁ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ኤአይ መጠቀም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከቴሌግራም ቻናልና ከቪዲዮ የለቃቀምኳቸው ፕሮምፕቶች፣ ማለት ለኤአዩ የሚጻፉ ትዕዛዞች፣ ያሉበት የራሴ ፋይል አለኝ፣ አንዳንዱ ብቻውን አንድ ገጽ ይሞላል። ከድሮው ሞዴል፣ ከኤአዩ የቀድሞ ስሪት ማለቴ ነው፣ ጋር በደንብ ተግባብተን ነበር። ከዛ አዲሱ ወጣ፣ ሁሉም ሰው ጉድ ነው አለ፣ እኔም ከፍዬ ገባሁና እነዛኑ ፕሮምፕቶች አስገባሁ። የሚወጣው ግን ወይ ደረቅ ነው ወይ ማለቂያ የለውም፣ አማርኛው ከሌላ ቋንቋ የተገለበጠ ይመስላል፣ በቅርቡ ደግሞ ማስታወሻው ላይ የሌለ ቁጥር ጨምሮ ለአለቃዬ ልልከው ስል ነው ያየሁት። ድሮው "በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው" እያለ ያበረታታኝ ነበር፣ ይሄኛው ቀጥታ ስህተቴን ይነግረኛል። አይፍረዱብኝና ትንሽ ከፍቶኛል።

የባሰው ደግሞ በቅርብ የተቀጠረ ልጅ አለ፣ በዚሁ ሞዴል እኔ ቀናት የምፈጅበትን ስራ ከምሳ በፊት ጨርሶ ያቀርባል። አለቃችን ስብሰባ ላይ "ሁላችሁም እንደሱ ብትጠቀሙበት" አለ፣ አይኑ ግን እኔ ላይ ነበር። ልጁን እንዳልጠይቀው በእድሜም በልምድም እበልጠዋለሁ። ቤተሰቤ ከተኛ በኋላ "ምርጥ ፕሮምፕቶች" የሚሉ ቪዲዮዎች እያየሁ አመሻለሁ፣ በነጋታው ሞክሬ ያው ነው። ወደ ድሮው ልመለስ? ወይስ ዘመኑ ጥሎኝ ሄደ ማለት ነው?

ግራ የገባት ነኝ

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። ጥያቄሽ ደግሞ እዚህ በደንብ ቦታ አለው፣ ሰው በስራው ላይ ያለው እምነት ሲነቃነቅ እንቅልፉም የቤቱ ሰላምም አብሮ ነው የሚነቃነቀው፣ አንቺም የነገርሽኝ ይሄንኑ ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ሁለት ነገር የተጠላለፈብሽ ይመስለኛል። አንዱ ሞዴሉ እንደለመድሽው አለመሆኑ ነው፣ ሁለተኛው ስብሰባው ላይ የተሰማሽ ነገር። የበለጠ የጎዳሽ ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም፣ ለምን መሰለሽ፣ ስለ ሞዴሉ ስታወሪ ደረቅ ነው ብለሽ ታልፊያለሽ፣ ልጁና የአለቃሽ አይን ላይ ስትደርሺ ግን ዘመኑ ጥሎኝ ሄደ ወይ እስከማለት ትደርሻለሽ። እስቲ ልጠይቅሽ፣ አለቃሽ አንቺን ማለቱን በቃሉ ነግሮሻል ወይስ ከአይኑ ነው ያነበብሽው? ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ፣ እኔ እዛ አልነበርኩም። ግን በዚህ ሁሉ መሃል ደብዳቤሽ ላይ በአንድ አረፍተ ነገር ያለፍሽው ነገር አለ፣ ያንን የሌለ ቁጥር ማን ነው ያየው? አንቺ ነሽ እኮ። ማስታወሻውን ስለምታውቂው፣ ቁጥሩ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ስለሚገባሽ፣ ሳይሄድ ያዝሽው። ይሄን ያዢልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ድሮው ይሻለኝ ነበር ማለትሽ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2025 ላይ ቻትጂፒቲን የሚሰራው ድርጅት ኦፕንኤአይ ጂፒቲ-5 የሚባለውን አዲስ ሞዴል ለቆ የቀድሞውን ጂፒቲ-4ኦን ከቻትጂፒቲ ላይ ሲያነሳው ከያለበት ቅሬታ ተነሳ፣ የለመድነውን መልሱልን ያለው ሰው ብዙ ነበር፣ ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ ለሚከፍሉ ደንበኞች መልሶ አስገባው። ሰው በየቀኑ አብሮ ከሚሰራበት ነገር ጋር ይላመዳል፣ አነጋገሩን ይለምዳል፣ ድንገት ሲቀየርበት ቅር ይለዋል። የማበረታታቱ ጉዳይ ላይ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። በዛው ዓመት ኤፕሪል ላይ ለዚሁ ለ4ኦ የተደረገ አንድ ማሻሻያ ከመጠን በላይ አወዳሽ ሆኖ ሰው ያለውን ሁሉ ትክክል ነው ትክክል ነው ማለት ሲጀምር ኦፕንኤአይ ራሱ ማሻሻያውን መልሶ ሰርዞታል። ስለዚህ "በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው" ሲልሽ የነበረው ሐሳብሽን መዝኖ ነው ማለት አንችልም፣ አሁን ስህተት ሲነግርሽም እንደዛው፣ እያንዳንዱን አንቺ ነሽ የምትመዝኚው። አነጋገሩ ከከበደሽ ደግሞ "ስህተቴን ስትነግረኝ የሰራሁትንም ጥሩ ነገር ጠቁመኝ፣ ያለ ምክንያት ግን አታወድሰኝ" ብለሽ ብትጽፊለት ይሰማል። አብዛኞቹ አፖች ላይ እንዲህ አይነቱን መመሪያ አንዴ ሴቲንግ ውስጥ አስገብተሽ ለሁሉም ቻት እንዲሰራ ማድረግ ይቻላል።

አሁን ወደ ፕሮምፕት ፋይልሽ ልምጣ፣ ችግሩ በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው ብዬ ስለማስብ ትንሽ ልቆይበት። አላየሁትም ግን ምን ምን እንዳለው መገመት አያቅተኝም፣ "አንተ የ20 ዓመት ልምድ ያለህ ኤክስፐርት ነህ"፣ "ደረጃ በደረጃ አስብ"፣ "በጣም ዝርዝር አድርገህ ጻፍ"፣ ከታች ደግሞ "አጭርና ግልጽ ይሁን"፣ ከሱም ቀጥሎ አስር አስራ አምስት "እንዳታደርግ" የሚል ትዕዛዝ። እነዚህ ነገሮች ዝም ብለው የመጡ አይደሉም፣ በጊዜያቸው ሰርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ተመራማሪዎች ሞዴሉን ደረጃ በደረጃ እናስብ ማለት ብቻ የሂሳብና የሎጂክ ጥያቄ ላይ ውጤቱን በጣም እንደሚያሻሽለው አሳይተው ነበር፣ ከዛ ነው ምክሩ በየቻናሉ የተሰራጨው። ከዛ ግን በሴፕቴምበር 2024 ኦ1 ከሚባለው የኦፕንኤአይ ሞዴል ጀምሮ ከመመለሳቸው በፊት በራሳቸው የሚያስቡ ሞዴሎች መጡ፣ ለነሱ አስብ ብሎ ማዘዝ ብዙም የሚጨምረው ነገር የለም፣ እንዲያውም ሰሪዎቹ ራሳቸው አጠር ያለና ቀጥ ያለ ትዕዛዝ ስጧቸው ነው የሚሉት። ሌላው ለውጥ ደግሞ አዳዲሶቹ የተባሉትን ቃል በቃል የመፈጸም ነገራቸው ጨምሯል። ድሮው እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ብትሰጪው አንዱን ዝም ብሎ ዘሎ በግምት ይሄድ ነበር፣ አዲሱ ግን ዝርዝሩንም አጭሩንም አንድ ላይ ለማድረግ ሲሞክር አንዴ ይደርቅብሻል አንዴ ይረዝምብሻል። አንቺ ያየሽው ይሄንኑ ይመስለኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስራሽ አዲስ ፕሮምፕት መፈለግ ሳይሆን የድሮዎቹን ለትንሽ ጊዜ ማስቀመጥ ነው። አትሰርዣቸው፣ ይቀመጡ። ባዶ ቻት ክፈቺና አዲስ ለመጣ፣ ጎበዝ ግን ስለ መስሪያ ቤታችሁ ምንም ለማያውቅ ባልደረባ እንደምታስረጂ አድርገሽ ጻፊለት። ለሱ ኤክስፐርት ነህ አትይውም አይደል? ይሄ ሪፖርት ለማን እንደሚሄድ፣ አንባቢው ከሱ ምን ሊወስን እንደሚፈልግ፣ ባለፈው ምን ቅሬታ እንደነበረ ነው የምትነግሪው። ለምሳሌ እንዲህ፣ "ከታች ያለው የመስክ ማስታወሻ ነው። ሁለት ገጽ ሪፖርት እፈልጋለሁ። የሚያነቡት ኃላፊ ጊዜ የላቸውም፣ መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ስራው ቀጥሏል ወይስ ቆሟል የሚለውን ማወቅ አለባቸው። ባለፈው ችግሮቹን መጨረሻ ላይ ስለጻፍኩ ሳያዩት አለፉት፣ ስለዚህ ችግሩ ከፊት ይምጣ። ማስታወሻው ላይ የሌለ ቁጥር አትጨምር፣ የጎደለ ካለ 'መረጃ የለም' ብለህ ጻፍና ማንን መጠየቅ እንዳለብኝ ንገረኝ። ከመጀመርህ በፊት ግልጽ ያልሆነልህ ነገር ካለ ጠይቀኝ።" አየሽ፣ እዚህ ውስጥ ከቪዲዮ የመጣ አንድም ነገር የለም፣ ሁሉም አንቺ ጭንቅላት ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመ ነው፣ ሞዴሉ ደግሞ የትኛውም ያህል አዲስ ቢሆን ይሄን ካልነገርሽው ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም። ልጁ ገና በመግባቱ ያልደረሰበት ነገርም ይሄው ነው፣ አለቃችሁ ምን እንደሚያናድደው፣ የትኛው የመስክ ባልደረባ ቁጥር እንደሚያጋንን፣ የትኛው አንባቢ ሰንጠረዥ እንደሚወድ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

የመጨረሻዋን "ጠይቀኝ" የምትለዋን አረፍተ ነገር በተለይ እንዳትተያት። አንዳንዴ የሚጠይቅሽ ጥያቄ ራሱ ማስታወሻው ላይ ምን እንደጎደለ ያሳይሻል፣ እኔ ለብቻው ይሄ ብቻ ቢሰራልሽ ይበቃሽ ነበር እላለሁ።

ማስታወሻው ብዙ ገጽ ከሆነ ሰነዱን ከላይ አድርጊና ጥያቄሽን ከታች መጨረሻ ላይ ጻፊ። ሞዴሎች ረጅም ጽሑፍ ሲሰጣቸው መሃል ላይ ያለውን ነገር የመርሳት ችግር እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት አሳይቷል፣ ከዛ ወዲህ በጣም ተሻሽለዋል፣ ቢሆንም ዋናውን ነገር መሃል ላይ አለመቅበር አሁንም ይጠቅማል። አንድ ቻት ላይ ደግሞ የሶስት ሪፖርት ስራ አታከማቺ፣ የፊተኛው ወሬ ወደኋለኛው ይገባብሻል፣ አዲስ ስራ ሲጀመር አዲስ ቻት። ብዙዎቹ አፖች ላይ ቶሎ የሚመልስና ረዘም አድርጎ የሚያስብ የሚል ምርጫም አለ፣ ፊደል ለማረም ፈጣኑ ይበቃል፣ ከተለያየ ማስታወሻ የመጡ ቁጥሮችን ለማስታረቅ ግን የሚያስበውን ምረጪ፣ ትንሽ ያስጠብቅሻል እንጂ ይሻላል።

አማርኛው ላይ ያልሽው ነገር እውነት ነው፣ ያንቺ ስህተት ብቻም አይደለም። እነዚህ ሞዴሎች የተማሩበት ጽሑፍ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ጽሑፍን የሚቆራርጡባቸው ቶክን የሚባሉት ቁርጥራጮችም በብዛት ለእንግሊዝኛ የተመቹ ናቸው፣ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ኮምፒውተር ላይ 1 ባይት ሲይዝ አንድ የኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የተለመደ የፊደል ኮድ 3 ባይት ይይዛል፣ እና አንድ የአማርኛ ቃል ብዙ ቦታ ተቆራርጦ ነው የሚገባው፣ በዚህም ተመሳሳይ ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ቻቱን ቶሎ ይሞላዋል። ምን ይደረግ ካልሽኝ፣ እንግሊዝኛውን አስጽፈሽ ተርጉም አትበይው፣ ያ ነው በአብዛኛው የተገለበጠ የሚያስመስለው። ይልቅ ከድሮ ሪፖርቶችሽ ውስጥ በራስሽ እጅ የጻፍሻቸውን፣ ጥሩ ናቸው የምትያቸውን ሁለት ሶስት አንቀጾች ስጪውና "በዚህ አጻጻፍ፣ ከማስታወሻው ተነስተህ በቀጥታ በአማርኛ ጻፍ" በይው። ምሳሌ ከማብራሪያ በላይ ይሰራል፣ "ለስለስ ያለ አማርኛ" ብለሽ ከምትገልጪለት ለስለስ ያለውን ብታሳዪው ይቀላል። ከዛም በኋላ የማይጥም አረፍተ ነገር ይኖራል፣ እሱን አንቺ አስተካክይና ያስተካከልሽውን መልሰሽ አሳይው፣ ቀጣዩ አንቀጽ ሲሻሻል ታያለሽ።

የሌለው ቁጥር ጉዳይ ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ሞዴሉ የሚሰራው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቁራጭ እየገመተ ነው፣ ሪፖርት ላይ ቁጥር ይኖራል ብሎ ከለመደ ቁጥር ያስገባል፣ አዲሶቹ ይሄን ቀንሰውታል እንጂ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ጭራሽ ያልነበሩ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ለዳኛ አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል፣ የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ጽሑፉ አምሮ ስለቀረበ አመኑት። ስለዚህ ሪፖርቱ ሲያልቅ "እዚህ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ከማስታወሻው የትኛው አረፍተ ነገር ላይ እንዳገኘኸው ጥቅሱን ቃል በቃል እያወጣህ አሳየኝ" በይው፣ ከዛ ጥቅሶቹን ኮፒ አድርገሽ ዋናው ፋይል ላይ ፈልጊያቸው። ጥቅሱ ከሌለ ቁጥሩ ይውጣ። ይሄን ስራ ለሱ ብቻ አትተይው፣ የፈጠረውን ቁጥር ለማስረዳት የፈጠረው ጥቅስም ሊያመጣ ይችላልና። የሰዎች ስምና ስልክ ማስታወሻው ላይ ካለ ደግሞ ከማስገባትሽ በፊት አውጪው፣ መስሪያ ቤታችሁ ስለዚህ መመሪያ ካለው እሱን እይ።

ወደ ድሮው ልመለስ ወይ ላልሽው፣ አሁኑኑ መወሰን የለብሽም፣ የቪዲዮ ወሬ ሰምተሽም አትወስኚ። ከዚህ በፊት የጨረስሻቸው፣ ጥሩ ሪፖርት ምን እንደሚመስል በደንብ የምታውቂባቸው ሶስት ስራዎች ምረጪ፣ አንድ ቀላል፣ አንድ ከባድ፣ አንድ አማርኛው የሚያስቸግር። ማስታወሻቸውን እንዳለ ለድሮውም ለአዲሱም ስጪ፣ ከላይ ባልኩሽ አይነት አጻጻፍ፣ ከዛ ራስሽ ከጻፍሽው ጋር አስተያዪ። የትኛው ብዙ እርማት እንደፈለገ ጻፊ። ምናልባት አዲሱ ለቁጥሩ፣ ድሮው ለአማርኛው ይሻልሽ ይሆናል፣ ያኔ ሁለቱንም እየተጠቀምሽ ትቆያለሽ፣ ክልክል አይደለም። ድሮዎቹ ግን ጊዜያቸውን ጠብቀው ከአፑ ላይ መነሳታቸው ስለማይቀር አዲሱን ቀስ እያልሽ መልመዱን አትተይ። እነዛን ሶስት ስራዎችም አስቀምጫቸው፣ ቀጣዩ ሞዴል ሲወጣ ሰው ምን አለ ከማለት ይልቅ በነሱ ትፈትኚዋለሽ።

ስለ ልጁ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሱ የሚያቀርበውን ነው ወይስ የሚያስገባውን ነው ያየሽው? ብዙ ጊዜ የሌላው ሰው ስራ ተጠናቆ ሲወጣ ብቻ ነው የምናየው፣ ስንቴ እንደሞከረ፣ ምን እንደጣለ አናይም፣ ቁጥሮቹን ማጣራቱንም አናውቅም። በእድሜ ስለምትበልጪው መጠየቅ መክበዱ ይገባኛል፣ የሚያሳንስ ግን አይመስለኝም። እንደ ተማሪ መሄድ ካስቸገረሽ ደግሞ የምትሰጪውን ይዘሽ ሂጂ፣ "ያን ሪፖርት ስትሰራ ምን እንዳስገባህለት እስቲ አሳየኝ፣ እኔ ደግሞ ከማስታወሻው ጋር ላመሳክርልህ" በይው። የጨመረው የሌለ ቁጥር ካለ አንቺ ታገኚዋለሽ፣ እሱም ከአሳፋሪ ነገር ይድናል፣ አንቺም እንዴት እንደሚያዘው ታያለሽ። ጥሩ ልጅ ከሆነ ደስ ይለዋል። ካልሆነም የጠፋ ነገር የለም።

አለቃሽን በሚመለከት፣ አይኑን ስትተረጉሚ ከምታመሺ ጠይቂው። "አዲሱን ሞዴል እየፈተንኩት ነው፣ በቅርቡ ያልነበረ ቁጥር ሲጨምር ስላየሁ ማመሳከሪያ ደረጃ አስገብቻለሁ፣ የትኞቹ ሪፖርቶች ላይ ፍጥነት ነው የሚፈልጉት፣ የትኞቹ ላይ ጥንቃቄ?" ብትይው እንደተጎተተ ሰው አያይሽም፣ ሪፖርቱን ከሚያሳፍር ስህተት የምትጠብቂለት ሰው መሆንሽም ይገባዋል። ያዢልኝ ያልኩሽ ነገር ይሄ ነው፣ ያን ቁጥር ሳይሄድ የያዝሽው አንቺ መሆንሽን አልነገርሽውም ይሆናል።

የማታውን ቪዲዮ ደግሞ እባክሽ ተይው። የምታዪው ለሌላ ሰው ስራ የተሰራ ፕሮምፕት ነው፣ ያውም ብዙው ለድሮ ሞዴል። ያን ሰዓት ተኚበት። በምትኩ በስራ ሰዓት፣ ጠዋት አእምሮሽ ሳይደክም፣ ከሶስቱ ስራዎች አንዷን ብቻ ሞክሪ፣ በቀላሏ ጀምሪ። ያላማረሽን አንቀጽ፣ ያስገባሽለትንም የወጣልሽንም፣ ስምና ቁጥር አጥፍተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።